ሰርግና ምርቃት ላይ ስክሪን የምትከራዩ፣ ከመሰቀሉ በፊት የሻክሉን ፒን እዩ

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ኤልኢዲ ስክሪን ለመከራየት ቀብድ ልትሰጡ ያሰባችሁ ቆም በሉ። ይህን የምጽፈው ከትናንቱ ንዴት ሳልበርድ ነው።

ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ። ደላላ ያመጣቸዋል፣ በስልክ «ትራስም፣ ፓራንኮም፣ ባለሙያም አለን» ይላሉ (ትራስ ስክሪኑ የሚታሰርበት የብረት ፍርግርግ ነው፣ ፓራንኮ ደግሞ በሰንሰለት ጭነት ማንሻ)፣ የኪራዩን ግማሽ ይቀበላሉ፣ ከዚያ እንግዳ ሊገባ ሦስት ሰዓት ሲቀረው በአይሱዙ ይደርሳሉ። የተስማማነው በ4 በ3 ሜትር ስክሪንና ባለ 1 ቶን በሆኑ ሁለት ፓራንኮዎች ነበር። የመጣው ግን አንድ ፓራንኮ ነው።

4 በ3 ማለት 50 በ50 ሳንቲም የሆኑ 48 ፓነሎች ናቸው። አንዱ 8 ኪሎ ሲመዝን ፓነሉ ብቻ 384 ኪሎ ነው፤ ትራሱ፣ ማንጠልጠያ ብረቱና ኬብሉ ሲደመር 480 ገደማ ይደርሳል። በሁለት ፓራንኮ ቢነሳ እያንዳንዱ 240 ይይዛል። እነሱ ግን ከአንዱ መንጠቆ ሁለት ገመድ ግራና ቀኝ ዘርግተው ሊሰቅሉት ተነሱ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ገመዶቹ በጣም ተከፋፍተዋል፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ሲደርስ እያንዳንዱ ገመድ ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን 480 ኪሎ ይሸከማል፣ ትራሱንም ከሁለት ጫፍ ወደ መሃል ይጨምቀዋል።

ከዚህ የባሰው ቀጥሎ መጣ። አለቃቸው ከካርቶን ሻክል አወጣ፤ ገመድን ከጭነት የሚያገናኝ፣ አፉ በፒን የሚዘጋ ቆልማማ ብረት ማለት ነው። ፒን የለውም። ልጁን «ፌሮ አምጣ» አለው። ልጁ አጠገባችን ካለው ግንባታ ቁርጥራጭ 8 ቁጥር ፌሮ ይዞ መጣ። በቀዳዳው አሳለፈው፣ ሁለቱን ጫፍ በመዶሻ አጠፈው፣ በጥቁር ሽቦ ጠመጠመው፣ ጨረሰ። ሻክሉ ላይ 3.25 ቶን የሚል ጽሑፍ አለ። ያ ቁጥር የሚሠራው ግን ከራሱ ባለ 19 ሚሊ ፒን ጋር ነው። የ8 ሚሊ ፌሮ ብረት ተቆርጦ ሲታይ የዚያን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ጭነት ሲያርፍበት ይጎብጥና ከቀዳዳው ይሾልካል። ሽቦ ሻክል ላይ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ትክክለኛው ፒን በንዝረት እንዳይፈታ ማሰር።

«ከሙሽሮቹ ራስ በላይ እኮ ነው የሚሰቀለው» አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። «ጋሼ፣ አንተ ምግቡን ተቆጣጠር፤ እኛ በዚህ ስንት ሰርግ አሳልፈናል» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ።

ውጭ ሜዳው ላይ አቁሙት ስንል ደግሞ ሚዛን መጠበቂያ ብለው ያወጡት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ነው። በሰከንድ 15 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንዲህ ያለውን 12 ካሬ ስክሪን 170 ኪሎ ገደማ በሆነ ኃይል ይገፋዋል። የስክሪኑ መሃል 3.5 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ከኋላው 1.5 ሜትር ርቀት ላይ 400 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ባለ 50 ኪሎ 8 ጆንያ አሸዋ ማለት ነው። መሬቱም መረሬ ስለሆነ ከእግሩ ስር ወፍራም ጣውላ ይገባል። አንዱም አልነበረም።

አስወረድነው። ሰርጉ ያለ ስክሪን አለፈ፣ 30 ሺህ ብር ቀብዳችንም እዚያው ቀረ።

የፓራንኮውን ብዛትና ሻክሉ ከነፒኑ መሆኑን ውሉ ላይ አስጽፉ፤ ፓራንኮው ቢለቅ የሚይዝ ለብቻው የታሰረ የብረት ገመድም ጠይቁ። አይሱዙው ዛሬ ጠዋት ወደ ፍኖተ ሰላም ወጥቷል። ቅዳሜ እዚያ ድግስ ያላችሁ፣ ፒኑን በዓይናችሁ ሳታዩ ማንም ከስሩ እንዳይቆም።