ዩሪያ፦ አፈር ካላለበሳችሁት ብራችሁ ይተናል

መራዊ አካባቢ ሁለት ጥማድ በቆሎ አለኝ፤ ግማሽ ሄክታር ገደማ ነው። ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ስጠቀም ይሄ አራተኛ ዓመቴ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ከአንዱ ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይገኛል። ጥሩው ነጭ ነው፤ ፍሬው ከእጅ ላይ ይንሸራተታል። አምና ከተረከብኳቸው አንዱ ግን ስፌቱ ተፈቶ እርጥበት ገብቶበት ነበር። እንደ አሞሌ ጨው ደርቆ በዱላ ነው የፈረከስኩት። ስትረከቡ ከረጢቱን ዳብሱት። ጓል ካገኛችሁበት ይቀየርልኝ በሉ፣ አትፈሩ።

የመጀመሪያው ዓመት ከሰርኩ። ዝናብ ጣል አድርጎ ፀሐይ በወጣበት ቀን በእጄ በትኜ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ብመለስ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል። ቢጫው ከጫፍ ይነሳና መሃል መሃሉን ይዞ ወደ አገዳው ይወርዳል፤ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ነው። ናይትሮጅን የራበው በቆሎ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ በቆሎ ግን ከአጥሩ ማዶ ጠቁሮ ቆሟል። ዕቃው ያው ነው፣ ከአንድ መጋዘን ነው የወሰድነው። ሽማግሌው ጎረቤቴ መጥተው አዩና «አንተ ልጅ፣ ምነው ሳታለብሰው?» አሉኝ።

እርጥብ መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ወደ አየር ይሄዳል። አፈር ሲለብስ ግን መሬቱ ይይዘዋል።

አሁን ለአንድ ጥማድ ከምሰጠው አንድ ከረጢት ግማሹን ስዘራ፣ ኤንፒኤስ ከሚባለው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ካለበት ማዳበሪያ ጋር እሰጣለሁ። ግማሹን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ በ35 ቀን አካባቢ፣ አረም ከወጣ በኋላ። መለኪያዬ የሃይላንድ ክዳን ነው። በ75 በ30 ሴንቲ ሜትር ስዘራ በአንድ ጥማድ 11 ሺህ ያህል ቡቃያ ይቆማል። 25 ኪሎው ሲካፈል ለአንዱ ከ2 ግራም ትንሽ ይበልጣል፤ ግማሽ ክዳን መሆኑ ነው። ከአገዳው አራት ጣት ራቅ አድርጌ ጉድጓድ እጭራለሁ፣ ልጄ ትጨምራለች፣ በእግሬ እመልሰዋለሁ። ፍሬው በቆሎው እምብርት ውስጥ ከገባ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ተጠንቀቁ። ወገብ ይቆርጣል፣ አልዋሽም። መሬቱ ውሃ ካቆረም አልሰጥም፤ ታጥቦ ይሄዳል።

ቅሬታም አለኝ። ዋጋው ከብዷል። ከዋጋው በላይ የሚያንገበግበኝ ግን መዘግየቱ ነው። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ሲንከራተት አይተናል። በቆሎ ጽጌ ካወጣ በኋላ የሚደርስ ዩሪያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሌላው፣ ዩሪያ ውሎ አድሮ አፈር ያኮመጥጣል። የእኛ ቀይ አፈር ድሮም ኮምጣጣ ነው፤ ኖራ ካላገኘ ማዳበሪያው ብቻውን አይበቃውም።

እንደዚያም ሆኖ እገዛዋለሁ። ለዘንድሮም ሁለት ከረጢት ተመዝግቤያለሁ። ልጄ ክዳኖቹን አጥባ በጣሳ አስቀምጣለች።