ውሃውን ሳያዩ የማይቀቡት ቀለም ቀቢ

አዘዞ ላይ ባጃጅ የሚቀቡ አንድ ጋሼ አሉ። ይህን ምስጋና የምጽፈው ለእሳቸው ነው። "ስሜን እንዳትጠራ" ስላሉኝ አልጠራም። እጃቸውን ሳልመሰክር ማለፍ ግን ነውር ነው።

ውጭ አገር ያለው ወንድሜ አሳ ማጥመጃ የሚሆኑ አምስት የፕላስቲክ አሳዎች ላከልኝ፣ ሆዳቸው ላይ መንጠቆ ያላቸው። ሁሉም ብርማ ናቸው፣ ጀርባቸው ሰማያዊ። ደስ ብሎኝ በነሐሴ መጨረሻ ጎርጎራ ወረድኩ። በዚያ ሰሞን የመገጭ ወንዝ አፈሩን ጠርጎ ስለሚያስገባበት ጣና ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ከጠዋት እስከ ቀትር ወረወርኩ፣ ሳብኩ። ምንም! ታንኳ ላይ የነበረ አንድ ልጅ "ጋሼ፣ አሳው እኮ አያየውም" ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ነው። ብርማ ነገር የሚያብለጨልጨው ብርሃን ሲያርፍበት ነው። ጭቃ ውሃ ውስጥ ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

ጋሼ ጋ ሄጄ "ቢጫ ይቀቡልኝ" ስላቸው እምቢ አሉ። "ወንድምዓለም፣ ውሃውን ሳላይ አልቀባም።" የቀለዱ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ በሁለት ሊትር ሃይላንድ የጣና ውሃ ሞልቼ አመጣሁ። ቁርጥራጭ ቆርቆሮ በየቀለሙ ቀብተው ከሃይላንዱ ጀርባ አንድ በአንድ አቆሙ። ብርማው ጠፋ። ሰማያዊውም ጠፋ። የሎሚ ቢጫው ደብዘዝ ቢልም ታየ፣ ብርቱካናማውም እንደዚያው። ጥቁሩ ደግሞ ቅርጹ ቁልጭ አለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሁለቱን ቢጫ አደረጉልኝ፣ ሆዳቸውን ብርቱካናማ። አንዱን ድፍን ጥቁር፣ ለማለዳና ለዳመና። የቀሩትን ሁለቱን አልነኳቸውም። "ውሃው ሲጠራ ትፈልጋቸዋለህ" አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ጥርት ባለ ውሃ ደማቅ ቀለም አሳውን ሊያስበረግገው ይችላል፣ ትንሽ አሳ የሚመስለው ብርማው ይሻላል።

እንከን አልነበረም አልልም። የመጀመሪያው ቢጫ ላይ ቀለሙ ወፍሮ የፕላስቲክ አሳው መወዛወዙን ተወ፣ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ተሳበ። ስነግራቸው አልተከራከሩም። ፍቀው፣ ከስር ነጭ ሰጥተው፣ በስሱ እንደገና ቀቡት። ሳንቲም አልጨመሩብኝም።

መስከረም ላይ በዚያው ቢጫ ሁለት ነጭ አሳ ያዝኩ። ከወንዝ አፍ ርቄ ነው ታዲያ፤ በክረምት ሊራባ ወንዝ የሚወጣውን መጥለፍ ደስ አይለኝም። ቀረሶ (ቲላፒያ) ለምትፈልጉ ግን ይሄ ብዙ አይጠቅማችሁም፣ ምግቡ ባብዛኛው አልጌ ነው። አምባዛም ጭቃ ውስጥ የሚመራው በማሽተትና በሪዙ ስለሆነ ለቀለም ግድ የለውም።

ለሦስቱ 450 ብር ከፈልኩ። ባጃጅ ያላችሁም መንጠቆ ያላችሁም ሂዱ፣ ቦታውን በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። የምታጠምዱበትን ውሃ በሃይላንድ መያዝ እንዳትረሱ። ባዶ እጃችሁን ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል።