ልጆችን በአንድ ጊዜ መለካት ወይስ ለዓመታት መከታተል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ወይም በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚያድጉ ሕፃናት ቋንቋንና ቁጥርን እንዴት እንደሚማሩ ማጥናት የሚሻ ተመራማሪ ሁለት መንገዶች አሉት።

አንደኛው የ3፣ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆችን በተመሳሳይ ወቅት ፈትኖ ማነጻጸር ነው። ይህ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ሆኖም በዕድሜ የመጣውን ለውጥ ልጆቹ ከተወለዱበት ዘመን ልዩነት መለየት ይቸግረዋል።

ሁለተኛው እነዚያኑ ልጆች ለዓመታት መከታተል ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የተጀመረው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ የክትትል ጥናት 12,000 ያህል ልጆችን ይዞ የተነሣ ሲሆን፣ ከእነዚህ 3,000 ያህሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ 2,000ዎቹ በ1 ዓመት፣ 1,000ዎቹ ደግሞ በ8 ዓመት ዕድሜ ገደማ ይገኙ ነበር። በሕፃንነት የደረሰ መቀንጨር (ቁመት ለዕድሜው ከሚጠበቀው በታች መሆኑ) ከኋለኛው የትምህርት ውጤት ጋር ያለውን ግንኙነት መመርመር የሚቻለው እንዲህ ባለ ክትትል ነው።

ክትትሉ በከተማዋ ዳርቻ የሚፈተነው ግን በኪራይ ነው። ኪራይ ሲጨምር ተከራዩ ሰፈር ይለቃል፣ ስልኩም ይቀየራል (አዲሱን አድራሻ ከመረጃ ሰብሳቢው ይልቅ ደላላው ሳያውቀው አይቀርም)፤ በጥናቱ ውስጥ የሚቆዩት በአብዛኛው የቤት ባለቤቶች ልጆች ከሆኑ ደግሞ ውጤቱ የተረጋጋ ኑሮ ያላቸውን ብቻ ወደ ማሳየት ያዘነብላል።

ጥያቄው በ4 ዓመታቸው ፊደል የለዩት ስንቶች ናቸው የሚል ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ ይበቃል። አንዳንዶቹ ለምን ወደ ኋላ ቀሩ ለሚለው ግን፣ በእኔ እምነት፣ የሚፈናቀሉትንም ጭምር ፈልጎ የሚያገኝ በጀት የተያዘለት ክትትል ያስፈልጋል።