የኩሬ መረብ «በዋስትና እንገጥማለን» የሚሉትን ተጠንቀቁ!

ግቢያችሁ ውስጥ ዓሣ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ይችን አንብቧት። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ቃሌ ቢከርር ይቅር በሉኝ።

ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ፏፏቴና ኩሬ የማይወድ የለም። ካፌውም ያሠራል፣ እንግዳ ማረፊያውም ያሠራል፣ ትንሽ ግቢ ያለው ሰውም ያሠራል። ይሄን ተከትሎ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የኩሬ ዕቃ ሻጭ በዝቷል። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ውሃ የሚያፈስ ትንሽ ፏፏቴ አለ፣ ቀለም የሚቀያይር መብራት አለ፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አለ። ገና እግራችሁ ሲገባ በርጩማ ይቀርባል። ዋጋ ስትጠይቁ «ለእርስዎማ እናስተካክላለን» ይባላል። ደረሰኝ ስትሉ «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል» ይመጣል። ብሩ ከገባ በኋላ ስልካቸው አይነሳም።

የምኖረው ከስድስት ኪሎ ዝቅ ብሎ ባለ የድሮ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና በድንጋይ ያሠሩት ኩሬ አለን። ጎልድፊሽና ኮይ ነበሩበት። ትልቁ ብርቱካናማ ኮይ ቤታችን የመጣው ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ነው። እጄን ውሃው ላይ ሳደርግ ከታች ተነስቶ ይመጣና ጣቴን በአፉ ይነካ ነበር። ኮይ በደንብ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ የሚኖር ዓሣ ነው። ሰው ይለምዳል፤ የሚያበላውን እጅ ያውቃል።

ለብዙ ዓመት ችግር አልነበረብንም። አካባቢው ሲፈርስ ግን ሰዉ ሄደ፣ ድመቶቹ ቀሩ። የሚያበላቸው ስለሌለ በየአጥሩ እየዘለሉ ይገባሉ። ቀጥሎ ደግሞ ሳቢሳ መጣች። አይታችኋት ይሆናል፤ ግራጫ ወፍ ናት፣ አንገቷና እግሯ ረጅም፣ ራሷ ጥቁር። ጠዋት ጠዋት ባህር ዛፉ ላይ አርፋ ኩሬውን ቁልቁል ታያለች። ትናንሾቹ ጎልድፊሾች አንድ በአንድ መጥፋት ሲጀምሩ መረብ ፍለጋ ወጣሁ።

ከነዚያ ሱቆች አንዱ ውስጥ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ቁራጭ መረብ ነበር። ጥቁር፣ ክሩ ወፍራም፣ ጥብቅ ተደርጎ የተጎነጎነ፣ መገናኛው ሁሉ ቋጠሮ ያለው። ቀዳዳው ሁለት ጣት አያስገባም። ሻጩ ልጅ አወረደና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይጎትቱት እናቴ፣ አይፍሩ» አለኝ። በሁለት እጄ ጎተትኩት። ንቅንቅ አላለም።

«ይሄን ድመት አይደለም ጅብ አይበጥሰውም። በቱቦላሬ ፍሬም ወጥረን እንገጥምልዎታለን። የዓመት ዋስትና አለው።»

በላዩ ላይ ሳቢሳ የምትመስል የፕላስቲክ ወፍ ጨመረበት። «እሷን ካየች ሌላዋ ቦታው ተይዟል ብላ ታልፋለች» አለኝ። ለመረቡ፣ ለፍሬሙ፣ ለወፏና ለገጠማው በ22,000 ብር ተስማማን። ሙሉው ካልገባ ገጣሚዎቹ አይንቀሳቀሱም ስላሉኝ በቴሌብር እዚያው ላክሁ። ደረሰኝ ስል «ማሽኑ ኔትወርክ የለውም፤ ከልጆቹ ጋር እልከዋለሁ» አለ። አልላከም።

ቀጠሮው ለጠዋት ነበር። የመጡት ግን አመሻሽ ላይ፣ እኔ ለቅሶ ቤት ባለሁበት ሰዓት ነው። ዘበኛችን በር ከፈተላቸው። ስመለስ ጨልሟል፣ ዝናቡም እየጣለ ነው። በስልኬ መብራት ከበረንዳ አየሁት፤ ኩሬው ተሸፍኗል። ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ውሻው ሲጮህ ወጣሁ። ሳቢሳዋ ኩሬው ጠርዝ ላይ ቆማለች። የቆመችው ከፕላስቲኳ ወፍ ጎን ነው፣ ክንፍ ለክንፍ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። መረቡ መሃሉ ረግቦ ውሃው ውስጥ ገብቷል። እሷ መንቁሯን በቀዳዳው እየሰደደች ትወጋለች። እኔን አየችኝና ሳትቸኩል ተነስታ ሄደች።

ቀርቤ ሳየው ቱቦላሬ የሚባል ነገር የለም። አራት የእንጨት ካስማ ተክለው በሲባጎ አስረውታል። አንደኛው ካስማ ሌሊት በዝናቡ ወድቋል። መረቡም ያ በእጄ የጎተትኩት አይደለም። አረንጓዴ ነው፤ ክሩ ከስፌት ክር አይወፍርም፤ ቀዳዳው እጄን እስከ አንጓዬ ያስገባል። በወደቀው ጥግ በኩል ድመት ገብታለች። ድንጋዩ ላይ ቅርፊትና ግማሽ ጎልድፊሽ ነበር። ብርቱካናማው ኮይ ክንፉ በዚያ ስስ ክር ተተብትቦ፣ ጎኑ ተወግቶ፣ ገና አፉን ይከፍታል ይዘጋል። በመቀስ ክሩን እየቆረጥኩ ሳወጣው እጄ ላይ ሞተ።

መረቡን በፌስታል አድርጌ እንደረጠበ ይዤው ሄድኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው በደንብ እንድታነቡልኝ የምፈልገው።

በርጩማ አልቀረበም። መረቡን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ሚስማሩ ላይ ያለውን ራሴ አወረድኩና አጠገቡ አስቀመጥኩት። ወፍራሙ ጥቁር እዚህ፣ ስሱ አረንጓዴ እዚያ። ሕፃን ልጅ ይለየዋል። «ያሳየኸኝ ይሄን ነው። የገጠምክልኝ ይሄን ነው» አልኩት። ልጁ ጥቁሩን ከእጄ ስር ሳብ አደረገና ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው። አስተካክሎ ነው የሰቀለው። ከዚያ ፊቴን ሳያይ፣

«ይሄ ማሳያ ነው። ማሳያ አይሸጥም» አለ።

«ታዲያ ምኑን ልታሳየኝ ነው እጄ ላይ ያስቀመጥከው?»

«የመረብ ዓይነት ነው ያሳየሁሽ። የዛ ዕቃ አልቋል፣ በዶላር ነው የሚመጣው።»

ዋስትናውስ አልኩት። «ዋስትና ለፓምፕ ነው። ለመረብ ዋስትና ሲሰጥ የት አይተሻል?»

ብሬን እስኪቀበል እናቴ፣ እርስዎ ሲለኝ የነበረ ልጅ ነው። ከልጄ አይበልጥም።

ዓሣዎቹ እኮ ሞቱ፣ ትልቁ እጄ ላይ ነው የሞተው ብዬ ነገርኩት። ይሄን ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ አልዋሽም። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለዓሣ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ጩኸት? ቀድመሽ ጠብሰሽ ብትበይው ድመት አይቀድምሽም ነበር።» ካሸሯ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ሳቀች። ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ አለና ባንኮኒው ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ብቻ አየ። «ይሄን አንሱልኝ፣ ሴትዮዋንም ሸኟት» ብሎ ተመለሰ።

በዚያው ቅጽበት ሕፃን የታቀፉ ባልና ሚስት ገቡ። ልጁ በርጩማውን ጎተተላቸው። እኔ እዚያው ቆሜ እያየሁት ጥቁሩን መረብ ከሚስማሩ አወረደና ለሴትየዋ ሰጣት። «ይጎትቱት፣ አይፍሩ» አላት።

ማሳያ አይሸጥም ካለኝ አምስት ደቂቃ አልሞላውም። ጮኼ ነገርኳቸው፣ አረንጓዴውንም አሳየኋቸው። ሴትየዋ መረቡን መልሳ ሰጠችው፤ ባልየው ግን እያመነታ ቆሞ ቀረ። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ገዝተው ይሆን አይሁን አላውቅም። እስካሁን ያሳስበኛል።

ብሩ ያናድዳል። ከብሩ በላይ ግን የሚያቃጥለኝ አውቀው ማድረጋቸው ነው። ይሄን ዕቃ ቀን ከሌት የሚሸጥ ሰው የረገበ መረብ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ሳቢሳ አብዛኛውን ጊዜ ከሰማይ ዘላ ውሃ ውስጥ አትገባም። ጠርዝ ላይ ታርፍና በእግሯ እየተራመደች ትገባለች፣ ወይም ዳር ላይ ሐውልት ሆና ትጠብቃለች። መረቡ ውሃውን ከነካ መንቁሯ በቀላሉ ዓሣው ጋ ይደርሳል። ዓሣው ደግሞ ክሩ ውስጥ ተጠላልፎ መሸሽ ያቅተዋል። ስሱ ክር ለወፎቹም ወጥመድ ነው፤ እግራቸው ከተያዘ ራሳቸውን ማላቀቅ አይችሉም። ፕላስቲኳ ወፍ ብትሆን ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የምትቆም ነገር ናት። ሳቢሳ ሞኝ አይደለችም፣ ቶሎ ትለምዳታለች። ያልተሸፈነ ኩሬ ይሻል ነበር ማለት ይከብደኛል፤ ግን መረቡ ባይኖር ትልቁ ኮይ ወደ ጥልቁ ይወርድ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያሰረው እነሱ የሸጡልኝ ክር ነው።

መረብ የምትገዙ ከሆነ ጥቅሉ ፊታችሁ ይፈታ፤ ከማሳያው ጋር አስተያዩት፤ ከማሳያው ጋር አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ወረቀቱ ላይ «መረብ» ብቻ ሳይሆን የክሩ ውፍረት፣ የቀዳዳው ስፋትና የፍሬሙ ብረት ይጻፍ። ቀዳዳው ከ5 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ መረቡ ከውሃው በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይወጠር። ኩሬ ገና የምታሠሩ ደግሞ ጠርዙ ቀጥ ያለ ይሁን፣ መሃሉ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ፣ ከታች ዓሣው የሚደበቅበት የሲሚንቶ ቱቦ አስቀምጡ። ድመት እጇን የምትሰድበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ዳር ላይ አታድርጉ።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት አይታችሁ ዝም አትበሉ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ሳትዘገዩ ጠይቁ። እኔ የቴሌብሩን ማረጋገጫና ሁለቱን መረቦች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ያነሳሁትን ፎቶ ይዤ ሰኞ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ።

በቅርቡ እንዲህ አረንጓዴና ስስ መረብ የተገጠመላችሁ ካላችሁ ዛሬ ሳይመሽ ውጡና እዩት። ረግቦ ውሃ ከነካ ወይ ወጥሩት ወይ ጨርሳችሁ አንሱት፤ ሳቢሳዋ የምትመጣው ጎህ ሲቀድ ነው።