ሞተሩ ሞቆ የሚጠብቃችሁን ቱርቦ መኪና ተጠንቀቁ

ካዛንቺስና ቦሌ መንገድ አካባቢ ያገለገለ ቱርቦ ኤስዩቪ እያያችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ እዚሁ ያሉት ዋጋቸው ተሰቅሏል። ደላሎችም አሮጌ የጀርመን ቱርቦዎችን «ሞተሯ ያልተከፈተ» እያሉ ያዞራሉ።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንዷን ልናይ ሄድን። ኮፈኖዋን ስነካው ይፋጃል። አስቀድመው አሙቀዋታል ማለት ነው። ከዚያ ወደ አራት ኪሎ በአዲሱ የኮሪደር አስፋልት ወስደው መለሱን። ጉድጓድ የለ፣ ኮረኮንች የለ። መኪናዋ ትበራለች።

መብረሯ አይግረማችሁ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ይደክማል፤ ቱርቦው ግን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉልበቱን ብዙም አያጣም። ለዚህ ሲል ከቆላው ይልቅ እዚህ በፍጥነት ይሽከረከራል። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊዞር ይችላል፤ ዘንጉን የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ ዘንጉ ይበላል፣ ማሸጊያው ይለቃል።

ጠዋት ሳትነሳ ካላየናት አንገዛም አልን። ደላላው ተቆጣ፤ እኛም አልተውነውም። በማግስቱ በጠዋት ደረስን። የኋላ ቀኝ ጎኗ ወርዶ ጎማው ላይ ተኝቷል፤ የአየር ሰስፔንሽኑ (መኪናዋን በስፕሪንግ ፈንታ በታመቀ አየር የሚሸከመው) ሌሊቱን ሲያፈስ አድሯል። ቁልፉን አንድ ጊዜ ስናዞር ሌላው መብራት ሁሉ በራ፣ የሞተር ብልሽት የሚጠቁመው የቼክ መብራት ግን አልበራም። ቼኩን ሆን ብለው አጥፍተውታል። ስትነሳ ደግሞ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች፤ ዘይት እያቃጠለች ነው ማለት ነው። ሞተሯ ተነስቶ፣ ሞቃ ብትጠብቀን ኖሮ አንዱንም አናይም ነበር።

ሰው ስለ ሞተሩ ብቻ ይጠይቃል፤ እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ክብደቱ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ፖርሽ ካየን ቱርቦ ቢያንስ 450 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ ከ2,300 ኪሎ በላይ ነው፣ ከሁለት ቪትዝ ይበልጣል። ያን ሁሉ ክብደት ኩርባ ላይ የሚይዘው ሰስፔንሽኑ፣ ጎማውና ፍሬኑ ነው። የአየር ሰስፔንሽኑን ነቅለው ለመኪናው የማይመጥን ስፕሪንግ የሚያስገቡ አሉ። አራቱም ጎማ የተለያየ ከሆነም አትቀበሉ፤ አንዱ የተበላ ሌላው አዲስ ሲሆን የአራቱን ጎማ ኃይል የሚያከፋፍለው ጊር ቦክስ ይጎዳል። ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል ወደ ለገሃር ንዷት። ፍሬን ስትይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ጉዳዩ የሕይወት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ባለ 8 ሲሊንደር ካየኖች ላይ ደግሞ ሞተሩ አናት ላይ የተቀበሩት የውሃ ቱቦዎች ፕላስቲክ ናቸው፤ በሙቀት ብዛት ይሰነጠቃሉ። በአሉሚኒየም ተቀይረው እንደሆነ ጠይቁ፣ መካኒካችሁም ከፍቶ ይይ። መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ፤ ደላላው የሚጠራውን አትቀበሉ።

እኛ የተውናት መኪና ጥቁር ናት፣ ውስጧ ቡናማ ቆዳ ነው። ሰሞኑን በሌላ ደላላ በኩል፣ በከፍተኛ ዋጋ፣ ዳግም ለሽያጭ ቀርባለች።