አንኪ ለሕክምና ቃላት፦ ካርዱን ራሳችሁ ሥሩት

ሰርጂካል ዋርድ የምሠራ ነርስ ነኝ። አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) የሚወጡ ተማሪዎች የሕክምና ቃላት በምን እናጥና ሲሉኝ ሁሌም የምጠቁማቸው አንኪ የተባለውን በጥያቄና መልስ ካርድ የሚያስጠና መተግበሪያ ነው። ለኮምፒውተርና ለአንድሮይድ በነጻ ይገኛል፤ የአይፎኑ ግን በዶላር የሚገዛ ስለሆነ ለእኛ አገር ተማሪ ይከብዳል። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ናይት ዱቲ ላይ ዳታ ላለቀበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የካርዱን ፊት አይታችሁ በልባችሁ ትመልሳላችሁ፤ ከዚያ ጀርባውን አይታችሁ ከብዷችሁ እንደሆነ ትነግሩታላችሁ። የከበዳችሁ ቶሎ ተመልሶ ይመጣል፤ የቀለላችሁ እየቆየ ይመጣል።

ሌሎች የሠሯቸውን ካርዶች ማውረድም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ያየኋቸው አብዛኞቹ ሥረ ቃሉን ለብቻው ነጥለው ትርጉሙን ብቻ ይጠይቃሉ። ቻርት ላይ የሚጻፈው ግን ሙሉ ቃል ነው፤ ቃሉን ከነታካሚው ማጥናት ይሻላል።

ከግሪክ የመጡትን "ኦቶሚ"፣ "ኤክቶሚ" እና "ኦስቶሚ" እንውሰድ። ለጆሮ ይመሳሰላሉ፤ አልጋው ላይ የተኛው ሰው ግን በጣም ይለያያል። ላፓሮቶሚ ሆድን መክፈት ነው፤ የወጣ አካል ላይኖር ይችላል። ኮሌሲስቴክቶሚ ከሆነ የሐሞት ከረጢቱ ወጥቷል፦ "ኮሌ" ሐሞት፣ "ሲስት" ከረጢት፣ "ኤክቶሚ" ቆርጦ ማውጣት። ኮሎስቶሚ ሲባል ደግሞ ለትልቁ አንጀት ሆድ ላይ መውጫ ተበጅቶለታል፤ ሰገራው ከውጭ ወደተለጠፈ ከረጢት ይወርዳል። ስቶማው፣ ማለትም ይህ መውጫ፣ ቀይና እርጥብ ከሆነ ደህና ነው፤ ከጠቆረ ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራል። ተማሪዎቼን በካርዱ ጀርባ የማስጽፋቸው ይህንን ነው።

ግሪክና ላቲን አንድን አካል ሲጋሩ ሁለቱንም አንድ ካርድ ላይ አድርጓቸው። የኩላሊት ብግነት ኔፍራይቲስ ይባላል፣ ከግሪኩ "ኔፍሮስ"፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደው የደም ቧንቧ ግን ሬናል አርተሪ ነው፣ ከላቲኑ። በአብዛኛው የበሽታና የኦፕሬሽን ስሞች ወደ ግሪክ፣ የአካል ክፍል ስሞች ወደ ላቲን ያደላሉ።

"ኦማ" ለሚለው መጨረሻ ደግሞ የተለየ ካርድ ይኑራችሁ። ብዙ ጊዜ ዕጢን ያመለክታል፤ ሄማቶማ ግን የተጠራቀመ ደም ነው፣ ግላኮማም የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ። ቻርቱን በቅጥያው ብቻ ተርጉሞ "ዕጢ ነው" ያለ ተማሪ አንድን ቤተሰብ በከንቱ ያስለቅሳል።

የመተግበሪያው ድክመት ሴቲንጉ ነው፤ ለጀማሪ ግራ ያጋባል። እንዳለ ተዉት፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሲመጣ በቀን 20 አዲስ ካርድ ተሞልቶ ነው፤ ዱቲ ላለበት ሰው ክለሳው ይቆለልበታል። ወደ 5 ዝቅ አድርጉት። የሠራችኋቸውን ካርዶች በፋይል አውጥታችሁ በቴሌግራም ለክፍል ጓደኞቻችሁ መላክም ትችላላችሁ።