ለድምፅ ፈተና የተከራየነው የደሴ አዳራሽ

ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ለሠርግና ለስብሰባ የሚከራይ አንድ መካከለኛ አዳራሽ አለ። የማነሳቸው ጉድለቶች በከተማው ባሉ ሌሎች አዳራሾችም የሚታዩ ስለሆኑ ስሙን ትቼዋለሁ። እኛ የተከራየነው ለአንድ የባህል ቡድን ወጣት ድምፃውያንን ለመምረጥ ነበር፤ እኔም ከዳኞቹ አንዱ ስለነበርኩ አዳራሹን የምመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዳኛው የልጁን ድምፅ እንዳለ መስማት ይችላል ወይስ አይችልም?

የፈተናውን አካሄድ የወሰድነው ከኦፔራ ልማድ ነው። በዚያ ተፈታኙ ያለ ማይክሮፎን፣ በፒያኖ ብቻ ታጅቦ ይቆማል፤ የመጀመሪያውን ዜማ ራሱ ይመርጣል፣ ቀጣዩን ግን ይዞት ከመጣው ዝርዝር ውስጥ ዳኞቹ ይመርጡለታል። የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ ሙሉ ኦርኬስትራን ዘልቆ የሚሰማው በጩኸት ሳይሆን፣ ወደ 3000 ኸርዝ አካባቢ ባለው የድምፁ ክፍል ኃይል ስለሚሰበስብ ነው። ከአሥራዎቹ ዕድሜ ካልወጡ የእኛ ልጆች ይህን አንጠብቅም። ሆኖም ማይክሮፎንና ኢኮ የስንኝ መጨረሻ ላይ የሚያልቅን ትንፋሽ ስለሚሸፍኑ፣ ዳኛው ሊያየው የሚገባው ትልቁ ነገር ይሰወርበታል።

በዚህ በኩል አዳራሹ ከጠበቅነው በላይ ሆኖ አግኝተነዋል። ጣሪያው ኮርኒስ አለው፣ መስኮቶቹ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍነዋል፤ ስለዚህ ድምፅ ግድግዳ ላይ እየተላተመ አይመለስም። ከመድረኩ ራቅ ብለን ብንቀመጥም ግጥሙ ቃል በቃል፣ የትንፋሹም አወሳሰድ ሳይቀር ይሰማን ነበር። ችግሩ ኪራዩ ከነድምፅ መሣሪያው መሆኑ ነው። የድምፅ ባለሙያው ትሑትና ታታሪ ወጣት ቢሆንም ሚክሰሩን ዝጋው ስንለው ሥራውን ያቃለልንበት መሰለው። «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ልጆቹ ይጋለጣሉ እኮ» አለኝ። እኛም የመጣነው እንዲጋለጡ ነበርና በመጨረሻ ተግባባን፤ የመሣሪያው ኪራይ ግን ተዘግቶም ቢውል ይታሰባል።

ከሁሉ የከበደን አብሮ የሚቀርበው ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ለሠርግ የለመደው እጅ ወዲያው ሪትም ይከፍታል፣ ልጁንም ወደሚያውቀው ፍጥነት ይጎትተዋል። አንዲት ተፈታኝ በአምባሰል ከጀመረች በኋላ ዳኞቹ ከዝርዝሯ ውስጥ አንቺ ሆዬን መረጥንላት። የሁለቱ ቅኝቶች የመጀመሪያ ሦስት ድምፆች አንድ ናቸው፤ ከዶ ቢነሡ ዶ፣ ሬ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው) እና ፋ ይሆናሉ። መንገዳቸው የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው፦ አምባሰል ወደ ሶልና ላ ፍላት ሲያልፍ፣ አንቺ ሆዬ ሶል ፍላትንና ላን ይይዛል። ልጅቷ ወደ ሶል ፍላት ስትወርድ ኪቦርዱ ገና አምባሰል ላይ ስለነበር ሶልን መታባት። ፊቷ ትንሽ ተለወጠ፤ ድምፁን ግን አልለቀቀችም። ከእኛ አንዱ እጁን አንሥቶ ኪቦርዱን አስቆመው፣ እሷም የቀረውን ብቻዋን ጨረሰችው። ስለ ጆሮዋ ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገንም። ከዚያ በኋላ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ከውጭ አስመጣን፤ አዳራሹ እንዲህ ያለ አገልግሎት የለውም፣ ወሎ ውስጥ ሆኖ ይህ መጉደሉም ይገርማል።

(በነገራችን ላይ፣ ከተፈታኞቹ ብዙዎቹ አምባሰልን ይዘው የሚመጡት ማሪቱ ለገሰን ለመምሰል እየጣሩ ነው። የአድናቆቱ ምክንያት ይገባናል፤ ዳኛው ግን የልጁን የራሱን ጉሮሮ እስኪያገኝ ድረስ ሁለት ሦስት ዜማ ለማስዘፈን ይገደዳል። መንዙማ እየሰሙ ያደጉት በአንጻሩ ረጅሙን ሐረግ ሳይቆርጡ የመሸከም ልምድ ያላቸው መስለው ታይተውኛል።)

የአዳራሹ ዋና ጉድለት ተፈታኞች የሚጠብቁበት ቦታ ነው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከኮምቦልቻና ከባቲ በኩል የሚመጡት ልጆች ብዙ መቶ ሜትር ከሚያንስ ከፍታ ተነሥተው ስለሚደርሱ ትንፋሻቸው አጭር ይሆናል፣ ብርዱም ጉሮሮአቸውን ያደርቀዋል። እንዲያርፉና ድምፃቸውን እንዲያሟሙቁ የሚያስፈልገው ክፍል ግን የለም፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ነፋስ በሚመታው በረንዳ ላይ ቆመው ነው። በሩም ስስ ስለሆነ ከእነሱ በፊት የገባው ልጅ የሚዘፍነው ሁሉ ይሰማቸዋል፤ ይህም ደካማውን ያስፈራዋል፣ ጎበዙን ደግሞ ዜማውን በመጨረሻ ሰዓት እንዲቀይር ይገፋፋዋል። ከዳኞቹ መካከል ያሉት እናት በየመካከሉ እየወጡ «አብሽሪ ልጄ፣ ውሃ ጠጪ» ማለታቸው ብዙ ረድቷል። ሥራ አስኪያጁ ከብዙ ልመና በኋላ የወንበር ማከማቻውን ከፍተው ልጆቹን እዚያ አስገቡልን፤ ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው በውሉ ሊካተት የሚችል ነገር ነበር።

ኮርኒሱ ኢኮን ቢከለክልም ከላዩ ያለው ቆርቆሮ ዝናብን አይከለክልም። የበልግ ዝናብ ሲወርድ ያለ ማይክሮፎን የሚዘፍን ሰው ፈጽሞ አይሰማም፤ እኛም እስኪያባራ ፈተናውን አቋርጠን ቡና ጠጣን። ቡናው ጥሩ ነው፣ ወንበሮቹም ለረጅም መቀመጥ ይመቻሉ።

ክፍያው በግማሽ ቀን የሚታሰብ በመሆኑ ለእንዲህ ያለ ሥራ ተገቢ ነው፤ እኔም ለድምፅ ፈተና ቦታ ለሚፈልግ ሰው ይህን አዳራሽ እጠቁማለሁ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ግን የድምፅ መሣሪያው ከሒሳቡ እንዲቀነስ፣ የወንበር ማከማቻው ለተፈታኞች እንዲለቀቅ በጽሑፍ አስገቡ፤ አጃቢያችሁን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በልግና ክረምት ከሆነም ለዝናብ የሚሆን ትርፍ ግማሽ ቀን አስቀድማችሁ ያዙ።